የስኳሩ ሰልፍ ላይ እናቴ ምን ታስብ ነበር?

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው፤ የሚድ ፈተና ሳምንት። ከመገናኛ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አራት ኪሎ ሲደርስ መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ረዳቱ «አራት ኪሎ አላልሽም እንዴ?» አለኝ። «ፒያሳ ነኝ» አልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ደብተር አለ። ፈተናው በማግስቱ ነው። ፒያሳ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 መጋቢት ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እኛ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ። ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው፤ ድሮ ለዘጠኝ ቤተሰብ አንድ ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው ወሬዬ የአንድ ወገን እንዳይሆን ብዬ ነው።

የዚያን ቀን የግቢያችን በር የነበረበትን ቦታ ፈለግኩ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመብራት ምሰሶ፣ ሣር። ከዋናው መንገድ እስከ በራችን 64 እርምጃ ነበር። ልጅ ሆኜ እየቆጠርኩ ነበር የምገባው። አሁንም ቆጠርኩ። 64 ላይ ስደርስ አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ፤ ሁለት ወጣቶች ሰልፊ ይነሱበታል። ከዚያ ግራ ገባኝ። ያኔ የቆጠርኩት በልጅ እግር ነው፤ አሁን በአዋቂ። ጥበቃው ጠጋ ብሎ «እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። «የለም፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። ውሸቴን ለማሳመን ስል አንድ ሰዓት ሙሉ የሌለ ሰው ጠበቅኩ። በማግስቱ ፈተናውን አበላሸሁት።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ግን ወራት ቆየብኝ። ማታ ላጠና ተቀምጬ ስልኬን አነሳለሁ። ቲክቶክ ላይ የድሮ ፒያሳን ፎቶ የሚያቀናብሩ ልጆች አሉ፤ ከሥሩ ሙዚቃ ያስገቡበታል። አንዱን ሳይ ሌላው ይመጣል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ክላስ ውስጥ እተኛለሁ። ጓደኞቼ ስለ ሥራ ልምምድ ሲያወሩ ተነስቼ እሄዳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ትዝታ ነው» እላለሁ፣ እነሱም ዝም ይሉኛል። እኛ ሀገር ትዝታን ማንም እንደ ችግር አያየውም፤ እንዲያውም ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን ሰጥተነዋል። ስለዚህ ከትዝታ ጀርባ ተደብቆ መጥፋት ቀላል ነው። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ምን ነበር የናፈቀኝ? ብዙ ነገር። ግቢያችን ጠባብ ስለነበር ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው መንገዱ ላይ ነው። አስፋልት አይደለም፤ ኮብልስቶን ከመነጠፉ በፊት የተረገጠ አፈር ነበር። ሳጥኖቹን በከሰል እንሠራለን። ከሰል የተሰረቀባት እናት ስትወጣ እንበተናለን። እኔ ሁልጊዜ ሐሙስ ላይ እወድቃለሁ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ረቡዕን በደንብ እዘላለሁ፣ ሐሙስ ላይ ሁለተኛው እግሬ መሬት ይነካል። ልጆቹ «ሐሙስ» የሚል ቅጽል አወጡልኝ።

ወንዶቹ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ይሠራሉ። የቡሄ ዕለት ጅራፋቸውን እያስጮሁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ተራችንን እስከ እንቁጣጣሽ እንጠብቃለን፤ አበባየሆሽ የኛ ነው። በአንድ ጠዋት 40 ብር ደርሶኝ ያውቃል። በደስታ ከረሜላ ጨረስኩት። በማግስቱ ሆዴን ሲያመኝ እናቴ ዳማከሴ አጠጣችኝ።

ከሁሉም የበለጠ ግን የናፈቀኝ የስኳር ሰልፉ ነው። ይህንን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ገና አንደኛ ክፍል ሳልገባ ስኳርና ዘይት የሚገኘው ተሰልፎ ነበር። እናቴ ንጋት ላይ ትቀሰቅሰኝና ነጠላዋን ደርባልኝ እንወጣለን። ሰልፉ ውስጥ የሰፈር ልጅ ሁሉ አለ። እናቶቻችን ቦታ ይዘው ሲያወሩ እኛ በሰልፉ መሀል ሌባና ፖሊስ እንጫወታለን። አንዳንዴ ተራ በድንጋይ ይያዝልናል፤ የእናቴ ቦታ ላይ ድንጋይ ተቀምጦ፣ ድንጋዩ እናቴ ነው ተብሎ ይታመናል። እኔ ድንጋዩን እጠብቃለሁ። ትልቅ ሥራ ነበር። ስኳሩን ይዘን ስንመለስ እናቴ ጣቷን ከከረጢቱ አስነክታ ታልሰኛለች። ቲክቶክ ላይ የሰልፍ ፎቶ ሳይ እንባዬ ይመጣ የነበረው በዚህ ነው።

ሌላም አለ። ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በ2005 ሚያዝያ፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ግንባታ ሲባል ከቦታው ተነሳ። ከሰፈራችን ሰው እየወጣ ይሄድ ነበር። እናቴ ይዛኝ ሄደች። ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፈራሁ። «የት ሊወስዱት ነው?» አልኳት። «ይመለሳል» አለችኝ። በቃ፣ ይመለሳል። ሐውልቱ ብሔራዊ ሙዚየም ቆየ፣ በ2008 ተመለሰ። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አልገረመኝም። እናቴ ብላለቻ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ነገን የምታውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ እንዳለች አምኜ ነው የኖርኩት።

ይሄ ሁሉ ናፍቆት ለምን በሁለተኛ ዓመቴ እንደመጣብኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰፈሩ የፈረሰው ከዓመት በፊት ነበር። ሲፈርስ እንዲህ አልሆንኩም፤ ዕቃ ስጭን፣ ስፈታ፣ ፍሪጁ በደረጃው አልገባ ሲል ስጨቃጨቅ ነው ያለፈው። ያመመኝ በኋላ ነው። ያመመኝም ከፊት ያለው መታየት ሲያቆም ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2015 መጨረሻ ነው። በዚያ ዓመት ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ብቻ ነበር። እኔ አመጣሁ። እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ለስላሳ ገዛ፣ ባለሱቁ ጋሼ «ዶክተሯ!» ይለኝ ጀመር። እስከዚያ ድረስ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከ7 በኋላ 8፣ ከ11 በኋላ 12። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ አለቀ። ዲፓርትመንት ሲመደብ ፋርማሲ ፈልጌ ኬሚስትሪ ደረሰኝ። አጎቴ «ታዲያ ሳሙና ልትሠሪ ነው?» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። (ሳሙና መሥራት ምን ያስቃል? ገበያ ያለው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ይህ መልስ አልመጣልኝም።)

አራት ኪሎ የሚማር ሰው ከሥራ ፈላጊ ጋር ሳይተያይ አይውልም። የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት አንገቱን አቅንቶ የሚቆም ምሩቅ ሁልጊዜ አለ። ጋዜጣ እያከራዩ የሚያስነብቡ ሰዎች ነበሩ፤ ጥጉ ላይ ቁጭ ተብሎ የሥራ ማስታወቂያው ገጽ ብቻ ተነቦ ይመለሳል። አሁን አብዛኛው ወደ ቴሌግራም ሄዷል። ያው ነው። «ዜሮ ዓመት» የሚለውን ስትፈልግ «ሁለት ዓመት እና ከዚያ በላይ» ታገኛለህ። ከፊት ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ጀምሮ 50 ሳያመጡ ዲግሪ የለም። አራት ዓመት ተምሮ ፈተናውን የወደቀ የሰፈራችን ልጅ አለ፤ እናቱን መንገድ ላይ ሳገኛት ስለሱ ላለመጠየቅ ስለ አየሩ ነው የማወራው።

እንግዲህ እዚህ መሀል ነው ፒያሳ የምወርደው። ጥናት ሲከብደኝ ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መግባት ሲገባኝ፣ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ አልፌው እሄዳለሁ።

መላ ብዬ የሞከርኳቸው የመጀመሪያ ነገሮች አልሠሩም፤ ለሌላ ሰው ጊዜ ይቆጥቡ እንደሆነ ልናገር። ቲክቶክን አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን መለስኩት። የማነቃቂያ ንግግር ማዳመጥ ጀመርኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ሰውየው «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነህ?» ሲል ልቤ ይመታል። የአምስት ዓመት ዕቅድ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አዲሱ ቤት ቀለሙ አይዝም መሰለኝ፣ በሁለት ሳምንቱ ወደቀ። ከአልጋው ሥር ገባ፣ አላወጣሁትም።

ነገሩን የቀየረው የእሁድ ቡና ነው። ግንቦት ላይ። እናቴ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር። እንዲሁ ጨዋታ ላምጣ ብዬ «እማዬ፣ የስኳር ሰልፉ አይናፍቅሽም?» አልኳት።

ጀበናውን አስቀመጠችው። «የቱ?»

«ዶሮ ማነቂያ እያለን። ድንጋይ እያስቀመጥን።»

«ሚጣ፣ አሞሻል?» አለችኝ። የምሯን ነው። ከዚያ ነገረችኝ።

2003 ነበር። መንግሥት የዕቃ ዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ስኳሩና ዘይቱ ከየሱቁ ጠፋ። አባቴ ይሠራበት ከነበረው ጋራዥ የተቀነሰው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ ቤት መዋሉን አስታውሳለሁ፤ ለኔ ግን ትዝ የሚለኝ ብይ እንዳስተማረኝ ነው። እናቴ ለአንድ ምግብ ቤት እንጀራ ትጋግር ነበር። ዱቤው ባለሱቁ ጋሼ ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር። ስኳሩንም ሁልጊዜ እኛ አንጠጣውም፤ ከሰልፍ ያመጣነውን ግማሹን ለጎረቤት ሸጣ ጤፍ ትገዛበታለች። ያላሰችኝ ጣት ከሚሸጠው ላይ ነው።

«አንቺን አያትሽ ጋ ልልክሽ ነበር» አለችኝ። «ልብስሽን ቋጥሬ ከበሩ ጀርባ አስቀምጬ ነበር። አታስታውሺም?»

ቋጠሮውን አስታውሳለሁ! ትራስ መስሎኝ እቀመጥበት ነበር።

«ምን አስቀረኝ?»

«ጋሼ። እስከ ፋሲካ ልጠብቅ ብሎ ደብተሩን ዘጋልኝ። ነፍሱን ይማር።»

ዝም አልኩ። እሷ ፈንዲሻውን ወደኔ ገፋ አደረገች። በልጅነቴ ውስጥ ጣፋጩ ብዬ የያዝኩት ዓመት ለሷ እንቅልፍ የሌለበት ዓመት ነው። ሁለታችንም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበርን። እኔ ድንጋይ እጠብቃለሁ፣ እሷ እኔን ልላክ አልላክ ትላለች።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና «የአቡነ ጴጥሮስስ ነገር? እንደሚመለስ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «ምን አውቄ! ታለቅሺብኛለሽ ብዬ ነው።»

ይህን መስማቴ ያጽናናኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ በመጀመሪያ አላጽናናኝምም። ሁለት ቀን ተቆጣሁ። በማን ላይ እንደሆነ እንጃ። ነገን የሚያውቅ ሰው ቤታችን አልነበረም ማለት ነው። የናፈቀኝ ሰፈሩ ብቻ አልነበረም፤ ያ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና ሄጄ «ታዲያ ምን ታስቢ ነበር፣ ሰልፉ ላይ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ለሐሙስ ጤፍ የለም። ማን ጋ አለ? ይሄንን» አለች። ምግብ ቤቱ እንጀራ የሚቀበላት ሰኞና ሐሙስ ነበር። ከሐሙስ በኋላ ያለውን አታስብም ነበር ማለት አይደለም፤ ቋጠሮው ከበሩ ጀርባ ነበራ። ግን ሰልፍ ላይ ቆማ የምታስበው ሐሙስን ነው።

እኔም ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም። ደብተር ገዛሁና «ምን እሆናለሁ?» የሚለውን ትቼ እስከ ሰኔ ድረስ ሰው ጠይቄ ላውቀው የምችለውን ብቻ ጻፍኩ። ከዲፓርትመንታችን የተመረቁ ሦስት ልጆች አፈላልጌ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያ ሥራህን እንዴት አገኘኸው? ስንት ጊዜ ፈጀብህ? ሁለተኛ ዓመት ላይ ብትመለስ ምን ታደርጋለህ? አንዷ ቀለም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላይ ናት። አንዱ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሦስተኛው የመውጫ ፈተናውን በሁለተኛው አልፎ አሁን ዕቃ ያደርሳል፤ ሥራ እየፈለገ ነው። ሥራ ያገኙት ሁለቱ ከሰሌዳ ላይ አይደለም ያገኙት። ፋብሪካ ያለችው ልምምድ የወጣችበት ቦታ ነው የጠሯት። አስተማሪው ተማሪ እያለ ቤት ለቤት ያስጠናቸው የነበሩ ልጆች እናት ናት የጠቆመችው። ሦስቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ ላብራቶሪ ሪፖርት ከጓደኛ አትገልብጪ። እኔ እየገለበጥኩ ነበር።

የመውጫ ፈተናውም እንዲሁ። ፈርቼው ስለነበር ምን እንደሚጠይቅ አይቼው አላውቅም። ብሉፕሪንቱን ሳየው የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ ተዘርዝሯል፤ ግማሹን ተምሬዋለሁ። የሚያስፈራ ነገር መጠኑ ሲታወቅ ያንሳል ልል አልችልም። ያው ያስፈራል። ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው አሁን የምፈራው፤ ደብተሩን ከፍቼ።

እዚሁ ብሎካችን ሁለት የ8ኛ ክፍል ልጆች ማስጠናት ጀመርኩ። ክፍያው የትራንስፖርት ወጪዬን ይሸፍናል። ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ገዛሁ። ግቢ ውስጥ ያለው የምክር አገልግሎት ቢሮም አንድ ቀን ገባሁ። ሰው እንዳያየኝ የጠፋኝ መስዬ ነው የገባሁት። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ እንቅልፌን ያስተካከለልኝ እሱ ነው። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያላችሁ ካላችሁ ግን የኔን ደብተር አትጠብቁ፤ ቶሎ ለሰው ንገሩ።

ፒያሳ መሄድ አልተውኩም። መተው የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ብቻዬን መሄድ ነው የተውኩት። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የልጅነት ጓደኛዬን ጊዮርጊስ በር ላይ አገኛታለሁ፤ የሷ ቤተሰቦች ደግሞ ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው የሄዱት። የሰፈራችንን ካርታ በወረቀት ላይ እየሠራን ነው። የጋሼ ሱቅ፣ የቦኖው ውሃ፣ የማን በር የት እንደነበር። ቦኖው በግራ ነው በቀኝ በሚለው ለሁለት ወር ተጨቃጨቅን። እናቴ ፈረደች፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። ስድሳ አራቱን እርምጃ ግን አላስነካም፤ በልጅ እርምጃ ተብሎ ተጽፎበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ለዚሁ ቀጠሮ በጠዋት ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ የብሎካችን ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሠርተዋል። በጠመኔ። በኔ ጠመኔ፤ ከሰሌዳው ሥር የጠፋችው። አንዷ ከማስጠናቸው ልጆች ታናሽ እህት ናት። ስታየኝ ጠመኔዋን ከኋላዋ ደበቀች። የተቆጣሁ መሰልኳት። «ተራ ስጡኝ» አልኩ። ተያዩ። ሰጡኝ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ አለፍኩ። ሐሙስ ላይ ሁለተኛው እግሬ መሬት ነካ። «ወደቅሽ!» ብለው ጮሁ። አውቶቡሱ በዚያው አመለጠኝ። ጓደኛዬ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆማ ስትደውል ስልኩን አንስቼ «ሐሙስ ላይ ነኝ» አልኳት። እሷ ወዲያው ገባት።